ቤቱ ይተንፍስ

ጡረታ ስወጣ የንብረት ክፍሉ ሰው ዝርዝሩን ዘርግቶ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። የደም ግፊት መለኪያ፤ ይኸው። የሕፃን ሚዛን፤ ይኸው። የፅንስ ልብ ማዳመጫ፤ ጠርዙ ትንሽ ተሸርፏል እንጂ ይኸው። በመጨረሻ ከመሳቢያዬ ጥግ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጣና ክዳኑን ከፈተ። ውስጡ የታጠፉ የጎዝ፣ የቁስል መሸፈኛ ጨርቅ ቁራጮች ናቸው፤ አንዳንዱ ነጭ፣ አንዳንዱ ቡናማ፣ አንዳንዱ ደግሞ ድስት የተጠረገበት የሚመስል ጥቁር።

«ሲስተር፣ ይሄ ያገለገለ ጎዝ አይደል? ይጣል?» አለኝ።

ከእጁ መነተፍኩት። ለደረጃ ዕድገት እንኳ ተከራክሬ የማላውቅ ሴት ለቆሻሻ ጨርቅ ስነጥቅ ሲያይ ደነገጠ። ይቅርታ ጠይቄው፣ መረካከቢያው ላይ ፈርሜ፣ ቆርቆሮዬን አቅፌ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ቤቴ እስክደርስ ብቻዬን እስቅ ስለነበር ባለባጃጁ በመስታወቱ ደጋግሞ አየኝ።

ሮማን እባላለሁ። አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግኩት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ነው፤ አባቴ ሹፌር ሆኖ ከሰሜን መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። ስለዚህ ጋሞኛዬ የገበያ ጋሞኛ ነው። ሙዝ እገዛለሁ፣ ዋጋ አስቀንሳለሁ፣ ሰላምታ እለዋወጣለሁ፤ ከዚያ ሲያልፍ እደናቀፋለሁ። ይህን ከወዲሁ የምናገረው በኋላ የሚመጣው ነገር ሁሉ ከዚህ ስለሚነሳ ነው።

መጀመሪያ የተመደብኩት ካምባ ወረዳ ነው። አለቃዬ አቶ ግርማ ቁጥር የሚወዱ ሰው ነበሩ። ከመስክ ስመለስ የጫማዬን ጭቃ ሳላራግፍ «ስንት ሰው አስተማርሽ?» ይሉኛል። «ሃምሳ ሁለት።» «ጎበዝ!» ብለው ይጽፋሉ። ሃምሳ ሁለቱ ሰዎች ምን ሰምተው እንደሄዱ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። በገበያ ቀን ነፍሰ ጡሮችን ሰብስቤ፣ ሥዕሌን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ ሳልተነፍስ አወራ ነበር። አንደበቴ ቀና ስለሆነ ጎበዝ አስተማሪ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ከካምባ ወደ ደጋው ተዛወርኩ፤ ከጨንቻም ከፍ ወዳለ፣ ሰማዩ ሲጠራ አባያ ሐይቅ ከሩቅ ታች ወደሚታይበት መንደር። የአርባ ምንጭ ልጅ ብርድ ምን እንደሆነ አታውቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ ካልሲ በካልሲ ላይ አድርጌም እንቀጠቀጥ ነበር። የመንደሩ ሴቶች ሲያዩኝ በእጃቸው አፋቸውን ይዘው ይስቁብኝ ነበር።

እዚያ ነው ጋሽ ቶማን ያገኘሁት። ጋሽ ቶማ በድሮው ዘመን ቁስል አጣቢ ድሬሰር ሆነው ተቀጥረው፣ ከሥልጠና ሥልጠና እያለፉ ጤና ረዳት የሆኑ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ የተረጋጉ የዚያው አገር ሰው ናቸው። ኮታቸው ኪስ ውስጥ ሦስት ነገር አይጠፋም፤ ጎዝ፣ መርፌ ቁልፍ እና የሰከንድ ቆጣሪ ያለው ሰዓት።

የደጋውን ቤት የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው። ከቀርከሃ ይጠለፋል፣ በቀርከሃ ልጥና በእንሰት ይሸፈናል፤ ከሩቅ ሲያዩት የተደፋ ትልቅ ቅርጫት ይመስላል። መስኮት የለውም፣ በሩም ዝቅ ያለ ነው። መሐሉ ላይ እሳት ይነድዳል፣ በአንድ በኩል ከብት፣ በሌላው በኩል መኝታ አለ። ጭሱ በክዳኑ ቀዳዳ እየተጣራ ቀስ ብሎ ይወጣል። ማለዳ መንደሩን ከላይ ሲያዩት ቤቶቹ ሁሉ የሚንተከተኩ ይመስላሉ። ሲያዩት ደስ ይላል፤ ሲገቡበት ግን ሌላ ነው።

ከጋሽ ቶማ ጋር መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ውስጥ እንደ ልማዴ ቆሜ ትምህርቴን ጀመርኩ። «ነፍሰ ጡር የምትስበው ጭስ ለፅንሱ የሚደርሰውን አየር ይሻማል፣ ልጁ ከክብደት በታች ሆኖ ይወለዳል...» እያልኩ ዓይኔ ተቃጠለ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ እየሳልኩ ወጣሁ። ጋሽ ቶማ ከውስጥ ቀሩ። ጎመኑ እስኪበስል ቀሩ። ሲወጡ ዓይናቸው በርበሬ መስሏል።

«አንቺ ሁለት ደቂቃ ቆየሽ» አሉኝ። «እሷ በቀን ስንት ሰዓት ትቆያለች?»

ከዚያ በኋላ እሳቸው እንደሚያደርጉት ማድረግ ጀመርኩ። እናትየው በምትቀመጥበት በርጩማ ላይ፣ በእሷ ቁመት፣ እሷ በምታጎነብስበት አጎንብሶ፣ ድስቱ እስኪፈላ መቆየት። እንጨቱ እርጥብ ነው ደረቅ? ልጁን አዝላው ነው የምታበስለው? ወጋግራው ላይ ያለው ጥላሸት በጣት ሲነካ ይረግፋል ወይስ እንደ ቅባት ይይዛል? ከመውጣታችን በፊት ደግሞ ጋሽ ቶማ ከኪሳቸው መዳፍ የሚያህል ነጭ ጎዝ አውጥተው የእናትየው ራስጌ ላይ በመርፌ ቁልፍ ይሰኩና «በሳምንቱ መጥቼ አነሳዋለሁ» ይላሉ። በሳምንቱ ጎዙን ለባለቤቶቹ ያሳያሉ። ያን ጊዜ ንግግር አያስፈልግም። አባትየው ጥቁሩን ጎዝ አገላብጦ አይቶ «ይሄ ሁሉ ደረቷ ውስጥ ነው?» ይላል።

የሕፃን ትንፋሽ መቁጠርንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ትምህርት ቤት ተምሬው ነበር፤ ግን እንደ ቸኮለ ሰው ግማሽ ደቂቃ ቆጥሬ እጥፍ አደርገው ነበር። «የአራስ ልጅ ትንፋሽ ይሮጣል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይሮጣል። ሙሉ ደቂቃ ስጪው» ይሉኛል። ልጁ ማልቀሱን ትቶ እስኪረጋጋ ይጠብቃሉ፣ ልብሱን ገለጥ ያደርጉና ሰዓቱን ከደረቱ አጠገብ ይይዙታል፤ ዓይናቸው አንዴ ሰዓቱን አንዴ ደረቱን እንዲያይ። እየቆጠሩ ሳሉ ሰው ካናገራቸው እንደ አዲስ ይጀምራሉ።

ከሁሉም ልማዳቸው ግን አንዱ ያስቀኝ ነበር። ከማንም ቤት ምክር ሰጥተው ሲጨርሱ ተነስተው፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ዘወር ይላሉ። «እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ረሳሁት። ምን አልኳችሁ?»

ቤተሰቡ ይስቃል። ሽማግሌውን ለማስታወስ ሁሉም ይሽቀዳደማል። አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርመዋል። ጋሽ ቶማ በሩ ላይ ቆመው «እንደዚያ ነው እንዴ ያልኩት?» እያሉ ይሰማሉ። የተሳሳተ ነገር ከሰሙ ተመልሰው ይቀመጣሉ። አንዳንዴ ሦስት ጊዜ ይቀመጣሉ። እኔ ደጅ ቆሜ በብርድ እየዘለልኩ «እኚህ ሰውዬ ቀኑን እዚህ ሊጨርሱት ነው» እላለሁ።

አየለችን ያወቅኋት በሁለተኛው ክረምቴ ነው። ባሏ ደስታ ሸማኔ ነው፤ የሚኖሩት ከባሏ እናት ከእማማ ዘውዴ ጋር በአንድ ቤት ነው። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነበር፤ ሰባተኛ ወር ገብቷል። ማህፀኗን በሜትር ስለካው ከወሩ አንሶብኛል፤ ክብደትም አልጨመረችም። ራስጌዋ የሰቀልነው ጎዝ ጥቁር ሆኖ መጣ። ጋሽ ቶማ ያን ሳምንት አርባ ምንጭ ለስብሰባ ወርደው ነበር። እኔ ደግሞ በቅርቡ ሥልጠና ወስጄ ስለነበር ደረቴ ተነፍቶ፣ ብቻዬን ሄድኩ።

እንደ ተማርኩት በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ዓይኔ እየነደደ ቆየሁ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ አስተርጓሚ በጋሞኛ ተናገርኩ፤ ኩራቴ ሌላ ነበር። የሚጨስ እሳት ከዚህ ቤት ይውጣ፤ አየር ይግባ። ይህን ነው ልል የፈለግኩት። ደስታ በትኩረት ሰማኝ። እማማ ዘውዴ ትንሽ ፈገግ አሉ። ያኔ የሚወስደኝ የክትባት መኪና ከታች ጥሩምባውን ነፋ፣ ዝናቡም ደርሶ ነበር። በሩ ላይ ዘወር አላልኩም። ሮጬ ወረድኩ።

ደስታ ሚስቱን የሚወድ ሰው ነው። በማግስቱ ገበያ ወርዶ አንድ ጆንያ ከሰል ተሸክሞ ወጣ። እማማ ዘውዴ ሴት ልጃቸውን ሊጠይቁ ሌላ መንደር ሄደው ስለነበር ሁለቱ ብቻ ናቸው። እንጨቱን አውጥቶ ከሰሉን አያያዘ። ጭስ የለም፣ ዓይን አያቃጥልም፣ ቤቱ ሞቀ። በሩን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ከሰል ጭስ የለውም እንጂ መርዝ አለው፤ አይታይም፣ አይሸትም። ጎረቤቶች ከብቶቹ ሳይወጡ ረፈደ ብለው በሩን ሲከፍቱ ሁለቱም ወድቀው አገኟቸው።

ሁለቱም ነቁ። ልጁ ግን አልዳነም። በሦስተኛው ቀን ያዋለድኳት እኔ ነኝ፤ ወንድ ነበር። እንደማያለቅስ እያወቅኩ ጆሮዬን አቁሜ ነበር። በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ያን ጸጥታ ግን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ደስታ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ግቢው ውስጥ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ቀና ብሎ አየኝና «ሲስተር፣ ያልሽውን አደረግኩ» አለኝ። «ጭስ አልነበረም።»

«በሩንስ? በሩን ለምን ዘጋኸው?»

ለመናገር አፈረ። የሚያፍረው ለራሱ ሳይሆን ለእኔ ነበር። «አንቺ በኛ ቋንቋ ኃይለኛ ንፋስ ይግባ አልሽ። ነፍሰ ጡር ላይ ንፋስ ማን ያስገባል? እንግዳ ናት፣ ቃሉ ጠፍቶባት ነው፣ ዝጉ ማለቷ ነው አልን።»

አንዲት ቃል ናት። እማማ ዘውዴ የዚያን ቀን ፈገግ ያሉት ለዚያች ቃል ነበር። በሩ ላይ ዘወር ብዬ «ምን አልኳችሁ?» ብል ኖሮ ሁላችንም ስቀን፣ ታርሜ፣ ልጁም ዛሬ ጎረምሳ ነበር።

ጋሽ ቶማ ሲመለሱ አብረን ለቅሶ ደረስን። መሬት ላይ ከሰዉ ጋር ተቀምጠው ዋሉ። ወደ ጤና ጣቢያው ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም አሉ። «ያልሻቸውን ለእኔ በይልኝ» አሉኝ። አልኩ። «አሁን እኔ የምልሽን በይ» አሉና በጋሞኛ ነገሩኝ፤ ትርጉሙ «ቤቱ ይተንፍስ» ማለት ነው። «ሰው ይተነፍሳል፣ ከብት ይተነፍሳል። ቤቱም ይተንፍስ ብትያቸው የሚሳሳት የለም።» እስከ ጤና ጣቢያው በር ድረስ፣ እንባዬን እየጠረግኩ፣ ያችኑ ቃል እየደጋገምኩ ሄድኩ።

የዝውውር ማመልከቻ ጻፍኩ። ጋሽ ቶማ «ስጪኝ፣ እኔ አደርስልሻለሁ» ብለው ኪሳቸው ከተቱት። ወር ሆነ፣ ሁለት ወር ሆነ። ስጠይቃቸው «እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ረሳሁት» ይላሉ። በዓመቱ መርፌ ቁልፎቻቸውን የሚሰኩት እዚያ ወረቀት ላይ መሆኑን አየሁ። ያን ጊዜ እኔም መሄዱን ትቼዋለሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ጠዋት የነፍሰ ጡር ክትትል ክፍሉ ውስጥ ሰልፉ ሲያልቅ አንዲት ሴት ቀረች። አየለች ናት። ሦስተኛ ወሯ ነው። እኔ ተነስቼ ቆምኩ፤ ምን ልበል? «ሌላ ነርስ ልጥራልሽ?» አልኳት።

«ለምን?» አለች። «አንቺ ተሳስተሽ አውቀሻል። ሌላዋ ገና ልትሳሳት ነው።»

ስቃ ተቀመጠች። እኔ ግን የደም ግፊቷን ሁለት ጊዜ ደጋግሜ ለካሁ። ይህን ልጅ በሕይወት መቀበል አለብኝ፤ ሌላ ምንም አላሰብኩም።

በሳምንቱ ከጋሽ ቶማ ጋር ቤታቸው ወጣን። እኔ መላውን አዘጋጅቼ ነበር፤ እሳቱ ይውጣ፣ ደጅ ማብሰያ ይሠራ፣ አለቀ። ቀላል መስሎኝ! እማማ ዘውዴ ምድጃቸው አጠገብ ተቀምጠው ዘነዘናቸውን እንደ በትረ መንግሥት ይዘው ጠበቁኝ። እሳቸው አማርኛ ሲናገሩ ወንድና ሴት አይለዩም።

«አንተ ሲስተር» አሉኝ። «ይሄን ጉልቻ ባለቤቴ ነው ያስቀመጠው። እኔ ሙሽራ ሆኜ ስገባ። እኔ ስሞት ታነሳለህ። አሁን አታነሳም።»

ደስታ ደግሞ ቀስ ብሎ የግድግዳውን ቀርከሃ አሳየኝ። ከላይ እንደ ቆዳ ጫማ ጠቁሮ ያበራል፤ ከታች አፈሩ አጠገብ ግን ተበልቷል። «ምስጥ ነው» አለኝ። «ጭስ የደረሰበትን አይነካም። እሳቱን ካወጣሁ ቤቱ ከላይ እስከታች ያልቃል። ከዚያ ልጁን የት አሳድጋለሁ?» በሥልጠናው ላይ ስለ ምስጥ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ከቃሉ ሌላ የማላውቀው ነገር መኖሩን ያን ቀን አወቅኩ። ወደ ጋሽ ቶማ ዞርኩ።

ጋሽ ቶማ ስለ ጭሱ ምንም አላሉም። «እስቲ ሸማህን አሳየኝ» አሉት ደስታን። ጓሮ ወሰደን። ሸማውን የሚሠራው ከቤቱ ርቆ በቆመች ትንሽ ዳስ ውስጥ ነው፤ ጎኗ ክፍት ነው፣ ብርሃን ይገባባታል። ድሩ ተወጥሮ፣ የተጀመረው ጋቢ ወተት መስሎ ነጥቷል።

«ያምራል። ለምን ቤት ውስጥ አትሠራም? ይበርድህ የለም?» አሉት።

«እንዴ ጋሼ! ጭስ ክሩን ያበላሽብኛላ። ነጭ ካልሆነ ማን ይገዛኛል?»

ጋሽ ቶማ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። «እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ አልሰማሁህም። ምን አልክ?»

«ጭስ ክሩን ያበላሻል።»

«እ?»

«ጭስ ክሩን...» አለና ቆመ። አየለች የዳሷ ደጃፍ ላይ ሆዷን ይዛ ቆማ ነበር። ደስታ ጋቢውን አየ፣ ሚስቱን አየ፤ ደግሞ ጋቢውን አየ። ከዚያ ፊቱን አዙሮ መወርወሪያውን አንስቶ አስቀመጠ፣ አንስቶ አስቀመጠ።

የተናገረችው አየለች ናት። «እማማ ጉልቻው አይነሳም ካሉ» አለች፣ «ቤቱ ይነሳ።»

መጀመሪያ የቀለደች መስሎኝ ነበር። ጋሽ ቶማ ግን ሳቃቸው ፈነዳ። እዚያ አገር ቤት ይነሳል! ምስጥ እግሩን ሲበላው ሥሩን ይቆርጡና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ከሥሩ ዕንጨት አስገብቶ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሸክሞ ወደ ንጹሕ መሬት ይወስደዋል። የደስታም ቤት ጊዜው ደርሶ ነበር። እኔ ስንት ጊዜ እሳቱን ከቤቱ ስለማውጣት ለፍልፌያለሁ፤ ቤቱን ከእሳቱ ማውጣት ግን በሕልሜም አልመጣልኝም።

ቅዳሜ ጠዋት መንደሩ ወጣ። ከብቶቹ ወጡ፣ ዕቃው ወጣ፣ ዶሮዎቹ ተባረሩ። እማማ ዘውዴ ብቻ አልወጡም። ምድጃቸው ላይ ድስት ጥደው ተቀምጠዋል። «እማማ፣ ይነሱ እንጂ!» ስላቸው «እኔ ለምን ልነሳ? ቤቱ አይደለም የሚነሳ?» አሉኝ። ወንዶቹ ዕንጨቱን ከሥር አሳለፉ፣ አንዱ ዜማ አወጣ፣ ሌሎቹ ተቀበሉ። ቤቱ ጮኸ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ከመሬት ተነሳ። ከግድግዳው በታች የብዙ ሰው እግር ሲራመድ ይታያል። ቀስ እያለ ሄዶ፣ በእማማ ዘውዴ ራስ ላይ አልፎ፣ ወደ ላይኛው ሜዳ አመራ። እማማ ዘውዴ ከእነበርጩማቸው፣ ከእነድስታቸው፣ በጠራራ ፀሐይ ሰማይ ሥር ቀሩ። ጭሳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይከለከል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ።

«አንተ ሲስተር!» ብለው ከኋላ ጮኹብኝ። «በር የት እንደሚያዞሩ ንገራቸው! ወደ ዝናቡ እንዳያዞሩ!»

እኔ ግን በሳቅ መናገር አልቻልኩም። ሜዳው ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሲዞርብኝ አየለች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ነጠላዋን ሰጠችኝ።

የቀረው ሥራ ነው። በእማማ ዘውዴ ጉልቻ ዙሪያ ሁለት ጎኗ ክፍት የሆነ ማብሰያ ተሠራች። ደስታ ለቤቱ ከላይ በኩል መስኮት ቆረጠ። ለምስጡም መላ ተገኘ፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ በቀን፣ ሰውም ከብትም ሳይኖር ቤቱ ውስጥ ይጨሳል፤ አየለች ያን ሰዓት ሸማው ዳስ ውስጥ ከነጩ ጋቢ ጎን ትቀመጣለች፤ ከዚያ በርና መስኮቱ ተከፍቶ ይውላል። ለብርዱ ደግሞ ልጁ ሲወለድ ራቁቱን የእናቱ ደረት ላይ ተለጥፎ፣ ራሱ ቆብ ለብሶ፣ ከላይ ጋቢ እንዲደረብ አስተማርኳቸው። በጋሞኛ። ሁልጊዜም በሩ ላይ ዘወር ብዬ። እኔ ያኔ ገና ወጣት ስለነበርኩ «እኔ ሽማግሌ ነኝ» ስል ቤቱ በሳቅ ይሞላል። አየለች ቀድማ ትመልሳለች፤ ቤቱ ይተንፍስ።

ራስጌዋ የሰቀልኩት ጎዝ በመጀመሪያው ሳምንት ግራጫ ሆነ። በአራተኛው ነጭ ለማለት ምንም አልቀረው። ማህፀኗ ከወሩ ጋር እኩል መሄድ ጀመረ። እኔ በየሳምንቱ ሜትሬን ይዤ እወጣለሁ፤ ሳልታዘዝም እወጣለሁ፤ ጎረቤቶች «ሲስተር አማት ሆነች» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

ወር ሞልቶ ጤና ጣቢያ ወለደች። ሴት ናት። ገና ከመውጣቷ ግቢውን ሁሉ በጩኸት አናጋችው። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አስተካክዬ ደግሜ መዘንኳት። ስትረጋጋ ጋሽ ቶማ ሰዓታቸውን ሰጡኝና ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ።

«አርባ አራት» አልኩ።

«ስንት?»

«አርባ አራት።»

«እኔ ሽማግሌ ነኝ። ስንት አልሽ?»

«አርባ አራት፣ ጋሼ! አርባ አራት!»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። አየለች ልጅቱን እፎይታ አለቻት። እማማ ዘውዴ ለአራሷ ገንፎ ይዘው መጡና ልጅቱን ገልጠው አይተው «ይሄ ልጅ ጠንካራ ነው» አሉ። ሴት መሆኗን ብንነግራቸውም እስከ መጨረሻው «እሱ» ነው የሚሏት።

ከዚያ በኋላ በሌሎች መንደሮች፣ በኦቾሎም ጭምር፣ ያችኑ ቃልና ያንኑ ጎዝ ይዤ ዞርኩ። በመጨረሻ አርባ ምንጭ ተመደብኩ። ከተማው የራሱ ነገር አለው። አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ አዲስ ተጋቢ ምሩቃን በዝናብ ቀን ማንደጃ ወደ ውስጥ ያስገባሉ፤ ሌሎች ለሚወለደው ልጅ ብለው ክፍሉን ዘይት ቀለም ቀብተው ነፍሰ ጡሯን በዚያው ያሳድራሉ። ስመክራቸው «እኛ ስለዚህ ዘጋቢ ፊልም አይተናል» ይሉኛል። እኔ ጎዜን እሰካለሁ፤ ጎዝ የማይዘውን መርዝ በቃል እነግራቸዋለሁ፤ በሩ ላይ ዘወር እላለሁ። ጋሽ ቶማ በእርጅና፣ በልጆቻቸው መሐል ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ሰዓታቸው ግን እኔ ጋ ነው፤ አሁንም ይሠራል።

ጡረታ በወጣሁ በአራተኛው ወር ልጄ ሄለን እኔ ቤት፣ ሲቀላ፣ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ታረሰች። የልጅ ልጅ! ሰላሳ ዓመት የሰው ልጅ ስቀበል የኖርኩት ሴትዮ ዳይፐር ማሰር ጠፋኝ። ከመንገዱ የባጃጅ አቧራ ይገባል ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ። ትንኝ ይነክሰዋል ብዬ አልጋው ሥር የሚጤሰውን የትንኝ ማባረሪያ ለኮስኩ። መጋረጃውንም ግጥም አደረግኩት። ሄለን «እማዬ፣ ሞቀኝ» ስትለኝ «አራስ ነሽ፣ ዝም በይ» አልኳት።

በዚያ መሐል በሩ ተንኳኳ። አየለች ናት፤ ከእፎይታ ጋር። እፎይታ አሁን ከእናቷ በቁመት ትበልጣለች፤ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የምታነብ፣ ወሬ የማያልቅባት ልጅ ሆናለች። ደስታ የሠራውን ነጭ ጋቢ ይዘውልኝ መጥተዋል።

አየለች ክፍሉ ውስጥ ሁለት እርምጃ ገብታ ቆመች። አፍንጫዋ ተንቀሳቀሰ። ወለሉ ላይ፣ ልጁ በተኛበት ቁመት፣ ቁጢጥ አለች። ቆየች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ አልጋው ሥር እጇን ሰደደችና የሚጤሰውን ነገር አወጣችው።

«ሲስተር፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ለትንኝ ነው።»

«አጎበር የለሽም?»

«አለኝ፤ ግን...»

እፎይታ መጋረጃውን ሰብስባ መስኮቱን ከፈተችው። እኔ ብድግ ብዬ፣ ከአፌ ያመለጠኝን ልንገራችሁ፣ «ኧረ ንፋስ ይመታዋል!» ብዬ ጮህኩ።

አየለች መጀመሪያ አየችኝ። ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ሳቀች፤ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ሄለንም ምን እንደሆነ ሳታውቅ ሳቀች። ከአባያ በኩል የሚመጣው አየር ክፍሉን ሞላው። የልጅ ልጄ አንዴ አዛጋና ተኛ። ሰዓቱን አውጥቼ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩለት፤ አርባ ስድስት።

አጎበሩን አብረን ሰቀልን፣ ጋቢውን ሄለን ላይ ደረብን፣ ሾርባ ጠጡ፣ ተጫወትን። ሊሄዱ ሲነሱ እፎይታ ከቆርቆሮዬ አንድ ነጭ ጎዝ አውጥታ የልጁ ራስጌ ላይ ሰካች። «በሳምንቱ መጥቼ አነሳዋለሁ» አለችኝ።

አየለች በሩ ላይ ስትደርስ ዘወር አለች። ገና አርባ ዓመት ያልሞላት ሴት ወገቧን ይዛ እንደ አሮጊት ጎበጠችልኝ።

«እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ረሳሁት» አለች። «ምን አልኩሽ?»

በጋሞኛ መለስኩላት። እፎይታ አንዷን ቃል አረመችኝ፤ እኔም ደግሜ፣ አስተካክዬ አልኳት። ቤቱ ይተንፍስ።